ደጋ ዘንቦ ድሬ ሲጎርፍ፦ የሐምሌ 1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን መታ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያው ክረምት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ገደለ። አገሩ ሁሉ ያለቀሰበት ክረምት ነበር።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ላይ የማነሣው ክረምት በመጣ ቁጥር «አሁንማ ግንብ ተሠርቷል» የሚል ነገር ስለምሰማ ነው። በደቻቱ ዳር የተሠራው የጎርፍ መከላከያ ግንብ መልካም ነው። የዚያ ሌሊት ጉዳይ ግን የግንብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድሬን የሚገድላት ዝናብ ድሬ ላይ የሚዘንበው አይደለም። ከላይ፣ ደጋው ላይ የሚዘንበው ነው። ይህን ልብ ያላለ ሰው ግንብ ተሠራም አልተሠራም በሰላም ተኝቶ ጎርፍ ይደርስበታል።

ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ በአንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው መጋላ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለበትም። ሰፊ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይነዳበታል። ሲያዩት መንገድ እንጂ ወንዝ አይመስልም። ሰውም የማይፈራው ለዚህ ነው። ገበያው ተጠጋው፣ መኖሪያ ቤቱም ተጠጋው። ከዓመት ዓመት ደርቆ የሚያዩትን ነገር ወንዝ ነው ብሎ መፍራት ከባድ ነው።

ከተማዋ ራሷ የተራራው ሥራ ናት ማለት ይቻላል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራውን መውጣት ከባድም ውድም ስለሆነ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ። በዚያው ቦታ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ባቡሩን ያቆመው ተራራ ነው እንግዲህ ጎርፉንም የሚልከው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ተራራው ላይ ያለችው ደንገጎ ሲደረስ ከ2000 ሜትር በላይ ይሆናል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ሐረር የወጣ ሰው ያውቀዋል። ታች በላብ ተነክሮ ተሳፍሮ፣ ላይ ሲደርስ ሹራብ ይፈልጋል። በመካከሉ ያለው መሬት ቁልቁል ነው፤ ብዙው ቦታ የተራቆተ ድንጋይ ነው። ውኃ እዚያ ላይ የሚያርፍበት የለውም።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 1 ሊትር ውኃ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሲጥል 50 ሊትር ይሆናል። ይህ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 50 ሚሊዮን ሊትር ነው። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ብንቀዳው 5 ሺህ ቦቴ ይሞላል። ግማሹን መሬት ቢጠጣው እንኳ የ2500 ቦቴ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ደቻቱ ውኃ የሚሰበስብበት ተራራ ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ድሬ ራሷ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙ የሚባል አይደለም። እና አንድ የድሬ ሰው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ምንም የለም» ቢል አይፈረድበትም። የእሱ ሰማይ ምንም የለበትም። የደንገጎው ግን ጠቁሯል።

ሰዓቱም አንድ ነገር ነው። ደጋው ላይ ደመናው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ከሰዓት ይከመራል። ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ይወርዳል። ከላይ የወረደው ውኃ ከየሸለቆው ተሰብስቦ ከተማ ሲደርስ ጨልሟል። ጎርፉ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ስለሚመጣ ድምፁ ይቀድመዋል። ግን ድምፁን ሰምቶ ልጅ ቀስቅሶ፣ በር ከፍቶ ለመውጣት የሚቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የተኛ ሰው እሱንም አያገኝም።

ሰው የጎርፍን ጉልበት አሳንሶ ያያል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ብቻውን 1000 ኪሎ ይመዝናል። ጭቃና ድንጋይ ሲጨመርበት ይብሳል። ፈጥኖ የሚሄድ ጎርፍ ቁርጭምጭሚት አልፎ ከመጣ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 60 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ጎርፍ አብዛኛውን መኪና ያነሣል። ባጃጅማ ከዚያ በፊት ሄዷል። ስለዚህ «ቶሎ ልሻገር» የሚባል ነገር የለም። ይህን ቁጥር ልጆቻችሁ ይወቁት። ለባጃጅ ሹፌሩም ንገሩት።

ለምን ይህን ያህል ሰው ሞተ ለሚለው የእኔ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ውኃው ብዙ ነበር። ሌሊት ነበር። ቤቱ ወንዙን ተጠግቶ ነበር። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ዜናው ነው። ያ ውኃ ከተማ ከመድረሱ በፊት በተራራው ሰው ደጃፍ አልፏል። ዝናቡን ያየ ሰው ከላይ ነበር፤ ጎርፉ የሚገባበት ሰው ከታች ተኝቷል። በሁለቱ መካከል ነገሩን የሚያደርስ አልነበረም።

አሁን ወደ ጓሮው ልምጣ። ስለ ጎርፍ ሲወራ ሬሳና ቤት ይቆጠራል፤ ተገቢም ነው። የአትክልቱ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል። በድሬ ዙሪያ በሸለቆዎቹ ጥግ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ጊሽታ የሚያለማ ሰው አለ። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ሰላጣ የሚያበቅልም አለ። ወንዝ ዳር የሚተከልበት ምክንያት ግልጽ ነው። አፈሩ ጎርፍ ያመጣው ለም ደለል ነው፤ ጉድጓድ ሲቆፈርም ውኃው ቅርብ ነው። ጎርፉ የሰጠውን ጎርፉ ይወስደዋል። ይህ በድሬም በሐረርም ሥር ያለ አትክልተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

የድሬ አትክልተኛ አንድ ልማድ አለው። አገሩ ሞቃት ስለሆነ መደቡን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን በአፈር ከፍ ያደርገዋል፤ ያጠጣው ውኃ እንዳይሸሽ። ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ዘዴ ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን ግን ያው መደብ ገንዳ ይሆናል። ቦዩም ውኃ ለማስገባት የተቆፈረ እንጂ ለማስወጣት የተቆፈረ አይደለም። እኔ የምለው መደቡን ትታችሁ ሌላ ሥሩ አይደለም። ከእያንዳንዱ መደብ በታችኛው ወገን አንድ ክንድ የምታህል መክፈቻ ቦታ ለዩ። ተራራው ሲጠቁር በዶማ አንድ ሁለቴ ገፍታችሁ ክፈቷት። ከዚያች የሚወጣውን ውኃ የሚቀበል ቦይ ቀድሞ ይቆፈር። ዝናቡ ሲያባራ መልሳችሁ ድፈኗት።

ውኃ ከመጣ በኋላ ዓይናችሁ ፓፓያው ላይ ይሁን። ፓፓያ እግሩ ሥር ውኃ ሲተኛበት አይችልም። ሁለት ሦስት ቀን ከቆየበት ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይወድቃል፣ ከዚያ ላዩም ይዝላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጠማው ብሎ ውኃ ይጨምርለታል። ያኔ ነው የሚያልቀው። ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብላችሁ በእንጨት ጫሩና ሥሩን ተመልከቱ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ይተርፋል። ቡናማ ሆኖ በጣት ሲያዝ ልጣጩ እየተንሸራተተ ከለቀቀና ከሸተተ ነቅላችሁ ቦታውን አድርቁት። ሌላ ፓፓያ እዚያው ወዲያው አይተከል። ማንጎ ከፓፓያ የተሻለ ይታገሣል።

ደለሉም አለ። ጎርፉ ሲመለስ ሁለት ሦስት ጣት የሚሆን ደቃቅ ጭቃ ጥሎ ይሄዳል። የድሬ ፀሐይ በአንድ ቀን ታደርቀዋለች። ጫፍና ጫፉ ይነሣል፣ መካከሉ ይሰነጠቃል፣ ሲረግጡት ይሰበራል። ከሥሩ ያለው ችግኝ አንገቱ ታንቆ አየር አያገኝም። ጭቃው እርጥብ ሳለ መደቡን አትርገጡት፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል። ጨርሶ እስኪደርቅም አትጠብቁ። በጣት ሲጫኑት ቅርጹን የሚይዝ፣ ግን የማያጣብቅ ሲሆን በመኮትኮቻ ስበሩት፤ የችግኙን አንገት ደግሞ በእጅ አጽዱ። አድካሚ ነው፤ ግን ደለሉ ራሱ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ በኋላ ጥሩ ምርት ይሰጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ጎርፍ የነካው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ጥሬውን አይበላም፤ ገበያም አይውጣ። ያ ውኃ የሽንት ቤት ጉድጓድ አጥቦ ነው የመጣው። በተለይ ሰላጣ ታጥቦ አይነጻም። ገንዘቡ ያንገበግባል፣ ይገባኛል። ይሁንና በ1998 ዓ.ም. አገሪቱ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ገብቶባት ነበር። አንድ ሳጥን ሰላጣ ስንት ቤት እንደሚያስተኛ ያየ ሰው አይከራከርም። የወንዝ ዳር ጉድጓድም ጎርፍ ከገባበት ተቀድቶ እስኪወጣና በክሎሪን እስኪታከም አይጠጣም። የሚጠጣው ውኃ ይፈላ ወይም ውኃ አጋር የሚባለው የውኃ ማከሚያ ይጨመርበት።

ከጎርፍ በኋላ ቧንቧ ሲቋረጥ ሰው በርሜልና ጄሪካን ይሞላል። አትክልተኛውም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ድሬ የራሷ ታሪክ አላት። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የዴንጌ ትኩሳት ወረርሽኝ የታየው ድሬ ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ብዙ ሰው አስተኛ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ ባልተለመደ መልኩ ከተማ ውስጥ ተነሣ፤ ከእስያ የመጣችው አዲሷ የወባ ትንኝም ተገኘችበት። ጎርፍ አመጣቸው ማለቴ አይደለም። የሦስቱም ትንኞች ግን ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ይወዳሉ። የዴንጌዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በየሳምንቱ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ፣ ከላይ በጨርቅ ይታሰር። አሮጌ ጎማና የአበባ ማስቀመጫም ይታይ።

ከ1998 በኋላ የተሠራው ሥራ ትንሽ አይደለም። በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተገነባ፣ ለተፈናቀሉት ቤት ተሠራ። ግን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ በኮሮናው ወቅት፣ ጎርፍ ድሬን እንደገና መታ፤ ሰው ሞተ፣ ቤትም ፈረሰ። ወሩን ልብ በሉ። ሚያዝያ በልግ ነው። ድሬ ሁለት የዝናብ ወቅት አላት፤ አንደኛው ከፍ የሚለው በሚያዝያ፣ ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ። ብዙ ቤተሰብ የሚጠነቀቀው በክረምት ብቻ ነው። አትክልተኛውም የውኃ ሞተሩን ከወንዝ ዳር የሚያነሣው ሐምሌ ሲገባ ነው። ሚያዝያም ላይ ማታ ማታ ይነሣ።

ግንብ ሌላም ነገር ያመጣል፤ ሰው ይዘናጋል። ግንቡ አለ ተብሎ ከግንቡ ሥር ቤት ይሠራል፣ ቆሻሻ ወንዙ ውስጥ ይደፋል፣ የውኃ መውረጃው ይደፈናል። ግንብ የሚችለው የውኃ መጠን የተወሰነ ነው። ዝናቡ ደግሞ ኃይለኛ እየሆነ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት ወደ 7 በመቶ ይጨምራል። የያዘውን ሲለቅ በአንዴ ነው። በአንድ ሳምንት ይዘንብ የነበረው በአንድ ማታ ከወረደ ዓመታዊው መጠን ሳይጨምር ጎርፉ ይብሳል። አትክልተኛው በሁለቱም ይጎዳል፤ ጎርፉ ያጥበዋል፣ ከዚያ የሚከተለው ረጅም ፀሐይ ያደርቀዋል።

መፍትሔው ከላይ ይጀምራል። ከደንገጎ በታች ያለው ገበሬ ማሽላውን የሚዘራው ቁልቁለት ላይ ነው። እርከን ካለው ውኃው ማሳው ላይ ይቀራል፤ ማሽላውም ይጠግባል። እርከኑ ከፈረሰ ውኃውም አፈሩም እኛ ቤት ነው የሚገቡት። በየሸለቆው የሚሠራ የድንጋይ ክትር ጎርፉን አያቆመውም፤ ያዘገየዋል። የዘገየ ጎርፍ ደግሞ ወደ ታች ይሰርጋል። የድሬ የመጠጥ ውኃ ከሳቢያን ጉድጓዶችና ከሌሎች የከርሰ ምድር ምንጮች ነው የሚመጣው። ጉድጓዶቹን የሚሞላቸው በተራራውና በአሸዋው በኩል የሰረገ ዝናብ ነው። በሐምሌ የሚያስለቅሰን ውኃና በግንቦት ጄሪካን ይዘን የምንሰለፍለት ውኃ አንድ ነው። እኔ ከተማው ለተራራው ገበሬ የእርከን ሥራ ዋጋ ሊከፍል ይገባል ባይ ነኝ። ዘመቻ ተብሎ በነፃ የሚሠራ እርከን ብዙ ጊዜ ቶሎ ይፈርሳል። ሰውየው የራሱን ሥራ ትቶ የእኛን ቤት እየጠበቀ ነው፤ ይከፈለው።

ቤተሰብ በበኩሉ ጥቂት ነገር አስቀድሞ ይጨርስ። የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ይሰቀል። ዘርም እንዲሁ፣ በደንብ በሚዘጋ ጄሪካን። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው የሚሸሽበትን አቅጣጫ በቀን ሄዶ ይየው። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ ሞት ነው፤ ከወንዙ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ነው የሚሮጠው። አልጋ ላይ የቀሩ አያት ካሉ ማን እንደሚያነሣቸው ከወዲሁ ይወሰን። ያን ሰዓት ሁሉም ልጁን ስለሚይዝ እማማ ይረሳሉ። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ዋናው ግን ስልኩ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሞባይል የያዘ ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ የደንገጎም እረኛ ስልክ አለው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ያወጣል፤ ይከታተሉት። ትንበያው ግን ዛሬ ማታ የትኛው ሸለቆ ላይ እንደሚወርድ አይነግርም። እሱን የሚያውቀው እዚያ ያለው ሰው ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ዝናቡ ሲያባራ በማስመሪያ ይለካል። ስንት ሚሊ ሜትር ሲሞላ ይደወል የሚለውን ባለሙያ ይወስን። ደውሉን የሚቀበል፣ ሌሊት ስልኩን የማያጠፋ ሰው በየወንዝ ዳሩ ቀበሌ ይመደብ፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ድምፅ ማጉያ አላቸው። ከላይ ዘመድ ያለው ሰው ቀበሌን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል፤ ማታ ማታ «አባባ፣ እዛ ዘነበ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የስልክ ካርዱን ወጪ ለሚጠይቅ፣ ወንዝ ዳር ያለ እድር ከወር መዋጮው ሊሸፍነው ይችላል።